ማሰሪያው የማን ነው? ልጇን ብቻዋን ስለምታሳድግ ወጣት እናት በሚጻፍ የስኬት ታሪክ ውስጥ ቦዝ አንቀጽና ባለቤት

በመሥሪያ ቤቶች መጽሔት፣ በከተማ አስተዳደር ጋዜጣ፣ በሬዲዮ የልማት ዝግጅትና ለለጋሾች በሚዘጋጅ ዘገባ ውስጥ አንድ ታሪክ በብዙ ስም ይመላለሳል። አንዲት ወጣት ትምህርቷን ሳትጨርስ ትወልዳለች፤ የልጁ አባት በታሪኩ ውስጥ የለም፤ እሷ በሰው ቤት፣ በቀን ሥራና በጉልት ስትንከራተት ቆይታ በሴፍቲኔት ፕሮግራም ትታቀፋለች፤ ከዚያ ትቆጥባለች፣ ትነግዳለች፣ በመጨረሻም «ትመረቃለች»። ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ «የስኬት ታሪክ» ወይም «ምርጥ ተሞክሮ» ይባላል። ሲተች የሚሰማው በይዘቱ ነው፤ አንዱ ወገን ፕሮፓጋንዳ ነው ይለዋል፣ ሌላው የታየ ለውጥ ነው ሲል ይሟገትለታል። ሁለቱም ታሪኩ የቆመበትን ዐረፍተ ነገር አልፈውት ይሄዳሉ። እዚህ የሚመረመረው ዐረፍተ ነገሩ ነው፤ ጥያቄውም ሴትዮዋ የሠራችው ሥራ በውስጡ የትኛው ቦታ ላይ ተቀምጧል የሚል ነው።

ከታች የሚታዩት ምሳሌዎች የዘውጉን ልማድ ተከትለው ለትንተና የተቀረጹ ናቸው፤ ከአንድ ከተወሰነ ጽሑፍ አልተቀዱም፣ የአንዲትም ሴት ታሪክ አይደሉም። አማርኛ አንባቢ የሆነ ሰው ግን መሰሎቻቸውን ሳያገኝ አልቀረም።

(1) ወጣቷ እናት በማለዳ መንገድ ጠርጋ፣ ከምታገኘው ክፍያ ላይ ቆጥባ፣ ማታ እንጀራ ጋግራና ሸጣ፣ ልጇን ትምህርት ቤት አስገብታ፣ በፕሮግራሙ አማካይነት ኑሮዋን መለወጥ ተችሏል።

በ(1) ውስጥ አምስት ተጨባጭ ድርጊቶች አሉ፦ መጥረግ፣ መቆጠብ፣ መጋገር፣ መሸጥና ማስገባት። አምስቱም የእሷ ናቸው፤ አምስቱም በቦዝ አንቀጽ ቀርበዋል። ማሰሪያ አንቀጹ «ተችሏል» ነው፤ እሱም የማንም አይደለም። የጥንቱ ሰዋስው ይህን የግሥ ቅርጽ «ቦዝ» ያለው ዐረፍተ ነገሩን መቋጨት ስለማይችል ነው፤ ቃሉ ከ«ቦዘነ» እና ከ«ቦዘኔ» ጋር ያለው ዝምድና አይሰወርም። የኋላ ዘመን የቋንቋ ጥናት ሌሎች ስሞችን አቅርቧል፣ ለዚህ ጉዳይ ግን የድሮው ስም ይበቃል፤ እንዲያውም ይብሳል፤ የሴትዮዋ የቀን ሙሉ ድካም የተቀመጠው ሰዋሰዋውያን ሥራ ፈት ብለው በሰየሙት ቅርጽ ውስጥ ነውና።

ነገሩ በስም ጨዋታ ብቻ አያበቃም። የአማርኛ ቦዝ አንቀጽ የባለቤቱን መደብ፣ ጾታና ቁጥር ይይዛል፤ «ጠርጋ» ሲባል ጠራጊዋ ሴት መሆኗ ይታወቃል። ጊዜን ግን በራሱ አይይዝም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በራሱ አያረጋግጥም። አንድ አድማጭ «ይህ እውነት አይደለም» ብሎ ቢነሣ የሚክደው ማሰሪያውን ነው፤ በ(1) ላይ ክርክር ቢነሣ ክርክሩ ኑሮዋ ተለውጧል አልተለወጠም የሚል ይሆናል። መንገድ መጥረጓን ማንም አይክድም፤ ማንም ደግሞ ልብ አይለውም። ቦዝ አንቀጽ ነገሩን ታውቆ እንዳደረ አድርጎ ያልፈዋል። ባለቤቱም ከማሰሪያው ባለቤት የተለየ ሊሆን ይችላል፤ «ዝናቡ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» እንደሚባለው። የዘውጉ ጸሐፊ የሚጠቀመው በዚህ ነጻነት ነው፤ ድርጊቶቹን ከእሷ አፍ ሰብስቦ ውጤቱን ለሌላ ባለቤት ያስተላልፋል። ማሰሪያው አንዳንዴ «ፕሮግራሙ ኑሮዋን ለውጦላታል» ይሆናል፤ ይህ ቢያንስ አድራጊውን በስሙ ይጠራል። «ተችሏል» ግን አድራጊ የለውም።

ትክክለኛ አርታዒ (1)ን ሊያርመው ይገባ ነበር፤ ለጆሮም ይጎረብጣል። «መለወጥ ችላለች» ቢባል ግሡ ወደ እሷ ይመለሳል። ብዙ ጽሑፎችም እንዲህ ይላሉ፣ ይህ መካድ የለበትም። ነገር ግን በዚያም ቢሆን ዋናው ድርጊት «መለወጥ» በንዑስ አንቀጽ ተጨብጦ ሲቀር ማሰሪያውን የያዘው የችሎታ ግሥ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ የሚመሰክረው ለመቻሏ እንጂ ለመሥራቷ አይደለም። «ለወጠች» እና «መለወጥ ቻለች» በትርጉም ይቀራረባሉ፤ ሁለተኛው ግን ከውጭ ሆኖ የሚፈትን፣ ውጤት የሚሰጥ ሰው እንዳለ ያሳብቃል። ስለ አንድ ባለሀብት ሲጻፍ «ፋብሪካ አቋቋመ» ይባላል።

ቦዝ አንቀጽን ራሱን ጥፋተኛ ማድረግ ስሕተት ነው። ድርጊቶችን በቦዝ ደርድሮ በአንድ ማሰሪያ መቋጨት የአካባቢው ቋንቋዎች የጋራ ጠባይ ነው፤ ቻርልስ ፈርጉሰን እ.ኤ.አ. በ1976 ኢትዮጵያን እንደ አንድ የቋንቋ ቀጣና ሲገልጽ ሴማዊና ኩሻዊ ቋንቋዎች ከሚጋሯቸው ባሕርያት አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። ራሷ እናቲቱ በቡና ላይ ስትናገርም የምትመርጠው ይህንኑ ስልት ነው፦

(2) ልብስ አጥቤ፣ እንጀራ ጋግሬ፣ መንገድ ጠርጌ አሳደግሁት።

በ(2) ቦዞቹም ማሰሪያውም የአንድ ሰው ናቸው። እያንዳንዱ ቦዝ ለ«አሳደግሁት» ስንቅ ያቀብላል፤ ማሰሪያው ላይ ሲደረስ የቀደመው ድካም ሁሉ ወደ አንድ ቃል ይገባል። ቅጥያው «-ት» ልጁን ይይዛል፣ «-ሁ» እናቱን ይይዛል፣ በአንድ ግሥ ላይ ሁለቱም አብረው ይቆማሉ። (1) እና (2) በቃላት ብዛት እንጂ በይዘት ብዙ አይራራቁም። የሚለያዩት ገመዱ መጨረሻ ላይ በማን እጅ እንደገባ ነው።

የጎረቤት ቋንቋዎች ንጽጽር ነገሩን የበለጠ ያጠራዋል። በትግርኛ ይኸው ቅርጽ በራሱ ዐረፍተ ነገር መቋጨት ይችላል፤ «ሰሪሓ» ማለት ሠርታ ብቻ ሳይሆን ሠርታለች ማለትም ነው፣ «ወዳ ኣዕብያ» ተብሎ በነጥብ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ (1) ወደ ትግርኛ ሲመለስ ተርጓሚው በየቦዙ ላይ ነጥብ የማድረግ ዕድል አለው፤ አምስቱም ድርጊቶች በአንድ የብዕር ምት ማሰሪያ ይሆናሉ። በኦሮምኛ ደግሞ ልዩነቱ አንዲት አናባቢ ላይ ይንጠለጠላል፤ «ሆጄቴ» የሚለው ቃል የመጨረሻ አናባቢው ሲያጥር ሠራች፣ ሲረዝም ሠርታ ይሆናል። የግእዝ ፊደል ይህን እጥረትና ርዝመት ለይቶ አያሳይም፣ የቁቤ ጽሕፈት ያሳያል። በሦስት ቋንቋ ለሚታተም አንድ የፕሮግራም መጽሔት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የአንዲት ሴት ሥራ በአንዱ ቋንቋ ዕትም ተረጋግጦ በሌላው ታልፎ ሊወጣ ይችላል፤ ምርጫውንም የሚያደርገው ብዙ ጊዜ በጥድፊያ የሚሠራ ተርጓሚ ነው።

«ተሞክሮ» የሚለው የዘውጉ መጠሪያ ራሱ ወደ ስምነት የተሻገረ ቦዝ አንቀጽ መሆኑ እዚህ ላይ ሊነሣ ይገባዋል። «ውሎ» እንደዚሁ ነው። ነገር ግን ውሎ የዋለውን ሰው ያስታውሳል፤ ተሞክሮ ተደራጊ ስለሆነ የሞከረችውን ትቶ የተሞከረውን ይሰይማል።

መታቀፍ

የከተማ ሴፍቲኔት አማርኛ የራሱ መዝገበ ቃላት አለው። በገጠር በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ወደ ከተማ የተሻገረው በ2009 ዓ.ም. ግድም ነው። የመጀመሪያው የከተማ ምዕራፍ 11 ከተሞችን ይዞ፣ 604 ሺህ ያህል ሰዎችን ለመድረስ የታቀደ፣ ከዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን፣ ከመንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር የተመደበለት ነበር። ከተረጂዎቹ 84 በመቶው መሥራት የሚችሉ ተብለው በአካባቢ ልማት ሥራ እየተሳተፉ የሚከፈላቸው፣ 16 በመቶው ደግሞ በዕድሜ፣ በሕመም ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ የሚያገኙ ነበሩ። በልማት ሥራው የሚሳተፉት ሦስት ዓመት ቆይተው የመቋቋሚያ ገንዘብ ይዘው ይወጣሉ። መውጣቱ «ምረቃ» ተብሏል። ምረቃና ምርቃት ከአንድ ግንድ ናቸው፤ መራቂ ሲኖር ተመራቂ ይኖራል፤ የሦስት ዓመት ጥረቷ ሲያልቅ የምትቀበለው ስም ተደራጊ ነው። መግባቱ ደግሞ «መታቀፍ» ይባላል።

«ታቀፈ» ከሌሎቹ ቃላት ሁሉ የበለጠ መታየት የሚገባው ነው፤ በአንድ ቅርጽ ሁለት ተቃራኒ ሚና ይሸከማልና። «ልጇን ታቅፋ» ሲባል ታቃፊዋ እናት ናት፣ ልጁ ተሳቢ ነው፤ «ተ» እዚህ ላይ የምታሳየው ድርጊቱ በአድራጊዋ በራሷ አካል ላይ የሚያርፍ መሆኑን ነው። «በፕሮግራሙ ታቅፋ» ሲባል ግን እሷ ራሷ የተያዘች፣ በሌላ ክንድ ላይ ያለች ትሆናለች። የግሡ ቅርጽ አልተለወጠም፤ የተለወጠው «ን» ወጥቶ «በ» መግባቱ ነው። በፎቶግራፍ ሥር የሚጻፉት አጫጭር ጽሑፎች ይህን ሁለትነት ሳያውቁ ይነካኩታል፤ በሥዕሉ ላይ ሕፃን የታቀፈች ሴት ትታያለች፣ ከሥሩ «በፕሮግራሙ የታቀፈች እናት» ይላል። ዐይን አንዱን ያያል፣ ጽሑፉ ሌላውን ይናገራል። ከሁለቱ የትኛው ታቅፋ ቦታውን እንደሚይዝ መወሰን የጸሐፊው ፋንታ ነው፤ ዘውጉ ግን አስቀድሞ ወስኖለታል።

ለዚህ አሰያየም ሌላ ጥላም አለ። በገጠሩ ፕሮግራም ደንብ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከማኅበረሰብ ሥራ ወጥታ ለተወሰነ ጊዜ «ጊዜያዊ ቀጥታ ድጋፍ» ታገኛለች። ደንቡ ርኅሩኅ ነው፣ አስተዋይም ነው። በአማርኛ ሲተረክ ግን «ሥራ ሳትሠራ ይከፈላታል» ይሆናል። ያን ጊዜ ሁሉ ስታጠባ፣ ስታጥብ፣ ሌሊት ስትነሣ የኖረች ሴት በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለችው በአሉታ ነው። መሥራት የሚለው ግሥ በፕሮግራሙ አማርኛ ውስጥ በአካፋና በመጥረጊያ ተወስኗል።

ከ«ባት» ወደ «ላት»

በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ያሉ ግሦች የሚያልቁበትን ቅጥያ ልብ ማለት ይገባል። አባቱ ጠፋባት፤ ኪራይ ተወደደባት፤ በር ሁሉ ተዘጋባት። ከፕሮግራሙ በኋላ ያሉት ደግሞ ሌላ ቅጥያ ይይዛሉ፤ ተፈቀደላት፣ ተመቻቸላት፣ ተሳካላት። «ባት» ጉዳትን፣ «ላት» ጥቅምን ያመለክታሉ፤ መካከላቸው ያለው ልዩነት የታሪኩ ሙሉ ሴራ ነው ቢባል አይጋነንም። በሁለቱም በኩል ግን እሷ ያለችው ከግሡ ጅራት ላይ ነው። መከራ ይመጣባታል፣ በጎ ነገርም ይመጣላታል።

በእርግጥ ይህ ከቋንቋው ተፈጥሮ የመጣ ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢም ነው። በአማርኛ ረኃብ፣ ጥማትና ችግር ሰውን ተሳቢ ያደርጋሉ፤ ሚኒስትርም ቢሆን ይርበዋል፣ ይቸግረዋል፣ ያቅተዋል። ሆኖም ቋንቋው ሌላ መንገድም ሰጥቷል። «ቸገራት» የሚለው «ተቸገረች» ተብሎ ባለቤትነቱን ይመልስላታል፤ «ኪራይ ተወደደባት» የሚለው «ኪራይ ሲወደድ ክፍሏን ለቃ ከእናቷ ጋር ገባች» ሊባል ይችላል። የኋለኛው ረዘም ይላል፣ ግን አንድ ነገር ያሳውቃል፦ ችግር በመጣ ጊዜ እሷ ምን እንዳደረገች።

ይህ የቅጥያ ምርጫ ከሥነ ጽሑፍ ውጭ የሚያስከትለው ነገር አለ። ወደ ከተማው ፕሮግራም የሚገባው ሰው በሰፈር በተቋቋመ መልማይ ኮሚቴና በኑሮ ደረጃ መለኪያ ተለይቶ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ሕይወቷን ሁለት ጊዜ ትተርካለች። ስትገባ በኮሚቴው ፊት በ«ባት» መናገር አለባት፤ ብርታቷን ብታበዛ ከዝርዝሩ ልትወጣ ትችላለች። ስትወጣ በጋዜጠኛው ፊት በ«ላት» እንድትናገር ይጠበቃል፤ ምሬቷን ብታበዛ ታሪኩ አይታተምም። በመካከል ያለው፣ የዕለት ዕለት ብልሃቷ፣ ከሁለቱም ተራኪዎች መዝገብ ውጭ ይቀራል። ከባለ ሱቅ ጋር የተፈጠረው የዱቤ መተማመን፣ ዕቁብ ለመግባት የወሰደው ድፍረት፣ የቤት አከራይን ለአንድ ወር የማባበል ችሎታ በየትኛውም ቅጽ ላይ መሙያ ቦታ የላቸውም።

የአክብሮት አጠራሩም የዚሁ ነገር ቁራጭ ነው። በአንድ ዘገባ ውስጥ የጽሕፈት ቤት ኃላፊው «ገልጸዋል»፣ እሷ «ትላለች»። ስሟ ላይ ሲደርስ ጸሐፊው ይቸገራል፤ «ወይዘሮ» ያላገባችን ሴት ያገባች ያስመስላል፣ «ወይዘሪት» ደግሞ ልጅ ከታቀፈች ሴት ስም ፊት ሲቆም እንደ ወቀሳ ይሰማል። መፍትሔው ሁለቱንም መተውና በስሟ ብቻ መጥራት ሆኗል። አማርኛ ለእሷ የማዕረግ ቃል አላዘጋጀላትም፤ «ለእሷ የማዕረግ ቃል አልተዘጋጀላትም» ብሎ በተደራጊ መጻፍም ይቻል ነበር፣ የምርምር አማርኛ ከዚህ ልማድ ነጻ አይደለምና።

ያልተጻፈው ባለቤት

ከታሪኩ ሰዎች ሁሉ ሰዋስው በሚገባ የሸሸገው አባትየውን ነው። «አረገዘ» የሚለው ግሥ አስደራጊ አለው፤ «አስረገዘ» የተለመደ ቃል ነው፣ በጎረቤት ወሬ ሁልጊዜ ይሰማል። በስኬት ታሪክ ውስጥ ግን አይገኝም። በምትኩ የሚጻፈው «ያልታሰበ እርግዝና ገጠማት» ነው፤ እርግዝናው ባለቤት ሆኖ፣ እንደ ጎርፍ ወይም እንደ መኪና አደጋ፣ ከመንገድ ላይ ያገኛታል። ምክንያቱ የጸሐፊው ጨዋነት ሊሆን ይችላል። ውጤቱ ግን አንድ ሕጋዊ ሰው ከታሪኩ መሰረዙ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ አባትነት በፍርድ ቤት የሚታወቅበትን መንገድና የቀለብ ግዴታን ደንግጓል። ቀለብ «ይቆረጣል»፤ ቆራጩ ዳኛ ነው፣ ከፋዩ አባት ነው። የመንግሥት ድጋፍ በገባበት ታሪክ ውስጥ ይህ ሁለተኛ የገቢ መንገድ አለመነሣቱ አንባቢውን ድጋፍ የሚሰጥ ሌላ ማንም እንደሌለ ያሳምነዋል። «ገጠማት» ያለ ጸሐፊ «ከሰሰችው?» ብሎ ለመጠየቅ ምክንያት አያገኝም፤ የሚከሰስ ባለቤት በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለማ!

ስለ ስያሜ ከተነሣ ጥቂት መጨመር ይቻላል። «ነጠላ እናት» ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ነው፤ የሰዋስው ተማሪን ነጠላና ብዙ ቁጥርን ከማስታወስ በቀር ብዙ አይረዳም። የቆጠራና የፕሮግራም ቅጾች «እማወራ» ይላሉ። ከኦሮምኛው «አባ ወራ» ጋር የሚዛመደው የአማርኛ «አባወራ» ያስከተለው ቃል ይመስላል፤ በኦሮምኛ ግን «ሃዳ ወራ» ማለት ሚስት ነው፣ በአማርኛ ቅጽ ላይ እማወራ የምትባለው ባል በሌለበት ቤት የምታስተዳድር ሴት ናት። ድንበሩን ሲሻገር ቃሉ ባሉን ጥሎ መጣ። በውጭ አገር ያሉ አማርኛ ተናጋሪዎች ነገሩን በሌላ መንገድ ፈትተውታል፤ በአሜሪካ «ፉድ ስታምፕ»፣ በእስራኤል «ቢቱዋህ ሌኡሚ» እንዳለ ተወርሷል፣ ግሡም ባብዛኛው «ታገኛለች» ነው። ይህ ደረቅ አነጋገር የራሱ ክብር አለው። ማንም አያቅፋትም፣ ማንም አይመርቃትም፤ የሚገባትን ታገኛለች።

እናቲቱ ያለ ማንም አማላጅ የአሳዳጊነት ባለቤት የምትሆንበት አንድ የቆየ የአማርኛ አነጋገር አለ፤ እሱም ስድብ ነው። ምግባር የጎደለው ሰው «ሴት ያሳደገው» ይባላል። ሰዋስው ሲታይ ሙሉ ነው፤ አድራጊ አለ፣ አስደራጊ ግሥ አለ፣ ተሳቢ አለ፣ ምንም አልተሸሸገም። ግን ግሡ በጥሞና ይነበብ። «ያሳደገችው» አይደለም፣ «ያሳደገው» ነው። ሴት የሚለው ስም እዚህ ላይ እንደ ዓይነት መጠሪያ ስለገባ ግሡ የወንዱን ቅርጽ ይዟል፤ ቋንቋው ማሳደግን ለሴት በሰጠበት በዚያች ሐረግ ውስጥ እንኳ የግሡ ስምምነት እሷን አያውቃትም። ከዚህ ጎን «ደሀ አደግ» የሚለው ቢቀመጥ ሌላ ነገር ይታያል፤ በዚህኛው ልጁ ያድጋል እንጂ የሚያሳድገው የለም፤ አሳዳጊ ስለሌለም ቃሉ ያዝናል፣ አይሰድብም። የስኬት ታሪኩ ጸሐፊ የሚጽፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ቆሞ ነው። «አሳደገች» ብሎ በድፍረት ቢቋጭ ስድቡን በአደባባይ ይሽረዋል። «ማሳደግ ተችሏል» ሲል ግን ወደ ደሀ አደግ ጎን ያዘነብላል፤ ልጁ አድጓል፣ ማን እንዳሳደገው አይታወቅም።

ይህ ሁሉ ሲባል ድጋፉ አልጠቀመም ማለት አይደለም፤ ድጋፉም ቢሆን በዚህ አጻጻፍ ተበድሏል። በየወሩ በባንክ ሒሳብ የሚገባ ገንዘብ ዋና ጥቅሙ መጠኑ ላይ አይደለም፤ ቀኑ መታወቁ ላይ ነው። ቀኑ የታወቀ ገቢ ያላት ሴት ዱቤ ታገኛለች፣ ዕቁብ ትገባለች፣ ኪራይዋን ሳትለመን ትከፍላለች፤ ክፍያው ሲዘገይ ደግሞ ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይናጋል። ድጋፉ የሚሠራው በእሷ ውሳኔ ውስጥ አልፎ ነው። «ፕሮግራሙ ኑሮዋን ለውጦላታል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ይህን የአሠራር ሰንሰለት ይበጥሰዋል፤ ገንዘብ ገባ፣ ኑሮ ተለወጠ፣ መካከሉ ባዶ ነው። ፕሮግራሙን ለማሻሻል የሚያነብ ባለሙያ ከእንዲህ ያለ ጽሑፍ ምንም አይማርም።

(1)ን ማረም ቀላል ይመስላል፤ ማሰሪያውን ለእሷ መስጠት ነው። ሲሞከር ግን ሰዋስው ብቻውን እንደማይበቃ ይታያል።

(3) ክፍያው በየወሩ መግባት ሲጀምር በዱቤ ጤፍ ወሰደች። ጠዋት መንገድ ትጠርጋለች፣ ማታ ትጋግራለች። በሁለተኛው ዓመት ልጇን ትምህርት ቤት አስገባች።

በ(3) ድጋፉ «ሲጀምር» በሚለው ጥገኛ ግሥ ውስጥ ገብቷል፣ ማሰሪያዎቹ የእሷ ሆነዋል፣ መንግሥትም የሠራው ነገር አልተካደም። ሆኖም ይህን ለመጻፍ ጸሐፊው (1)ን ሲጽፍ ያላስፈለጉትን ነገሮች ማወቅ ነበረበት፦ ዱቤውን፣ ጤፉን፣ ዓመቱን። ቦዝ አንቀጽ ካለማወቅ ያድነው ነበር፤ ማሰሪያ አያድነውም። ሦስት ነጥብ ሲያስቀምጥ ሦስት ጊዜ ይጠየቃል። አራተኛ ጥያቄም አለ፤ (3) ራሱ አልመለሰውም። ጠዋት መንገድ ስትጠርግ ልጁን ማን ታቅፎት ነበር? አያቱ ልትሆን ትችላለች፣ የግቢው ጎረቤት ልትሆን ትችላለች፣ የ10 ዓመት እኅቷ ልትሆን ትችላለች። በታሪኩ ርእስ ላይ «ብቻዋን» የሚል ቃል ስላለ ማንም አልጠየቀም።